መስማት ከተሳናቸው የተማረው የድምፅ ሰው፦ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል

የእናቱ ጆሮ ከዓመት ዓመት እየከዳት ሄዷል። ሰዎች ሊያነጋግሯት ሲፈልጉ እንደ ቀንድ በተሠራ የመስሚያ ቱቦ ላይ አፋቸውን ደቅነው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ልጁ ግን እንዲያ አያደርግም። ወደ እናቱ ተጠግቶ፣ አፉን ከግንባሯ አቅርቦ፣ ድምፁን ዝቅና ወፈር አድርጎ ይናገራል። እናት የልጇን ንግግር በግንባሯ አጥንት በኩል በሚደርሳት ንዝረት ትከታተለዋለች። ሰው በተሰበሰበበት ጊዜ ደግሞ ልጁ ከጎኗ ተቀምጦ፣ በእጅ ጣቶች በሚሠሩ ፊደላት የቤቱን ወግ ያደርስላታል።

ያ ልጅ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። ዓለም የሚያውቀው በስልክ ነው። የስልኩ ምሥጢር ግን የተጀመረው በአውደ ጥናት ወይም በቤተ ሙከራ አልነበረም፤ በዚያች እናት ግንባር ላይ ነበር። ድምፅ በጆሮ ብቻ የሚገባ ነገር ሳይሆን እንቅስቃሴ መሆኑን፣ እንቅስቃሴም ከአየር ወደ አጥንት ሊሻገር እንደሚችል ቤል በልጅነቱ በእናቱ አወቀ።

ቤል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አያቱም አባቱም የንግግር መምህራን ነበሩ። አባቱ አሌክሳንደር ሜልቪል ቤል የሰው ልጅ ማንኛውንም ድምፅ ሲያወጣ ምላሱ፣ ከንፈሩና ጉሮሮው የሚይዙትን ቅርጽ በምልክት የሚያሳይ የአጻጻፍ ሥርዓት ቀምሯል። እናቱ ኤሊዛ ደግሞ ሠዓሊ ነበረች። የመስማት ችሎታዋ እየደከመ እንኳ ፒያኖ ትጫወት፣ ልጇንም ታስተምር ነበር። በዚያ ቤት ድምፅ የዕለት እንጀራም፣ የዕለት ናፍቆትም ነበር።

ልጁ ለእጅ ሥራም የተሰጠ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳለ፣ ከጓደኛው ጋር በጓደኛው አባት ወፍጮ ቤት ሲቦርቅ፣ ባለ ወፍጮው ከመረበሽ ይልቅ አንድ ጠቃሚ ነገር እንዲሠሩ ገሠጻቸው። ቤል ተግሣጹን ከልቡ ወሰደ። የስንዴው ቅርፊት በቀላሉ የሚላቀቅበትን መንገድ ሲያሰላስል ቆይቶ፣ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ብሩሽ ገጥሞ ስንዴ የሚፈትግ መሣሪያ አበጀ። መሣሪያው በወፍጮ ቤቱ ለዓመታት አገለገለ። የመጀመሪያ ፈጠራው ለገበሬ እህል የዋለ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ አባቱ ለእርሱና ለታላቅ ወንድሙ ሌላ የቤት ሥራ ሰጣቸው፤ የሚናገር መሣሪያ እንዲሠሩ። አንደኛው ጉሮሮና ሳንባውን፣ ሌላው አፍና ምላሱን ተከፋፍለው ሠሩ። አየሩን የሚገፋው ወናፍ ነበር። ወናፉ ሲጫን፣ ከንፈሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ መሣሪያው እናቱን እንደሚጣራ ሕፃን ድምፅ አወጣ። ወንድማማቾቹ የሰው ንግግር በኃይል የሚንቀሳቀስ አየርና ያንን አየር የሚቀርጽ አካል ድምር መሆኑን በእጃቸው ዳሰሱ።

ቤል ወደ ምን እየተጠጋ እንደነበር ለመረዳት፣ ድምፅ በእርግጥ ምን እንደሆነ ማየት ያሻል። ነፋስ በበሰለ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ ከዳር እስከ ዳር ማዕበል የመሰለ ነገር ይሮጣል። ይሁን እንጂ አንዲት አገዳ እንኳ ከሥሯ ተነቅላ ወደ ማዶ አትሄድም፤ ጎንበስ ብላ ቀና ትላለች እንጂ። ድምፅም እንዲሁ ነው። እረኛ ከኮረብታ ላይ ሲጣራ ማዶ ያለው ጓደኛው የሚሰማው፣ ከእረኛው አፍ የወጣው አየር ሸለቆውን ተሻግሮ ስለደረሰው አይደለም። እያንዳንዷ የአየር ቅንጣት ቀጥላ ያለችውን ገፋ አድርጋ ወደ ስፍራዋ ትመለሳለች። የተገፋችውም የሚቀጥለውን ትገፋለች። አየሩ ባለበት ይቀራል፤ የሚሻገረው ኃይሉ ነው።

ያ ኃይል ደግሞ ከምንም የተፈጠረ አይደለም። እረኛው ጠዋት በበላው እንጀራ ውስጥ የተከማቸው የኬሚካል ኃይል በጡንቻው ወደ እንቅስቃሴ ኃይል ይለወጣል። ከሳንባ የሚገፋው አየር በጉሮሮ ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ያነዝራል። ንዝረቱ አየሩን እያመቀና እያላላ የድምፅ ሞገድ ይሆናል። ሞገዱ የአድማጩን የጆሮ ታምቡር ሲያገኝ ታምቡሩን ያንቀሳቅሳል። ሞገዱ በራቀ ቁጥር ኃይሉ በሰፊ ቦታ ስለሚበተን፣ ከፊሉም ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። ኃይል ግን መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

ይህ ሕግ በሳይንስ ዓለም ተንትኖ በቀረበበት ዘመን ነው ቤል የተወለደው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ስለ ኃይል አለመጥፋት የጻፈውን ዝነኛ ሥራ ያሳተመው በዚያው በ1847 ነበር። ይኸው ሊቅ ከዓመታት በኋላ ስለ ድምፅ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኤሌክትሪክ በሚነዘሩ ሹካ መሰል ብረቶች የአናባቢ ድምፆችን እንዴት እንዳስመሰለ ገለጸ። ወጣቱ ቤል መጽሐፉ እጁ ሲገባ ጀርመንኛውን አሳምሮ አያውቅም ነበር። ሥዕሎቹን አይቶ፣ ሊቁ የሰውን ድምፅ በሽቦ ከቦታ ቦታ እንዳስተላለፈ አድርጎ ተረዳ። ስሕተት ነበር። ሄልምሆልትዝ ያን አላደረገም። ነገር ግን ቤል ሌላ ሰው አስቀድሞ እንደሠራው ስላመነ፣ ነገሩ ሊሆን እንደሚችል አልተጠራጠረም። የተሳሳተ ንባብ ወደ ትክክለኛው መንገድ መራው።

የቤተሰቡ ሕይወት ግን በሐዘን ተመታ። ታናሽ ወንድሙ ኤድዋርድ በ1867፣ ታላቅ ወንድሙ ሜልቪል ደግሞ በ1870 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። የሚናገረውን መሣሪያ አብሮት የሠራው ወንድሙ አፈር ገባ። ቤልም ጤናው ታውኮ ነበር። ወላጆቹ የቀራቸውን አንድ ልጅ ለማትረፍ ቤታቸውን ትተው በዚያው ዓመት ባሕር ተሻገሩ፤ በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ብራንትፎርድ አጠገብ ባለች የእርሻ ይዞታ ሰፈሩ። የገጠሩ አየር ልጁን አዳነው።

በ1871 ቤል ወደ አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። የአባቱን የምልክት ሥርዓት እየተጠቀመ፣ ድምፅ ሰምተው የማያውቁ ልጆች አፋቸውን ቀርጸው እንዲናገሩ ያሠለጥን ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ ሜብል ሃባርድ ነበረች። ሜብል በአምስት ዓመቷ ገደማ በያዛት ትኩሳት መስማት አቁማለች። የሰዎችን ንግግር ከከንፈራቸው እንቅስቃሴ ታነብባለች። መምህሩ ወደዳት። አባቷ ጋርዲነር ሃባርድ ከሌላ የተማሪ አባት ጋር ሆኖ የቤልን ሙከራዎች በገንዘብ ይደግፍ ጀመር።

የሃባርድ ፍላጎት ግን ስልክ አልነበረም። በዘመኑ ትልቁ ንግድ ቴሌግራፍ ነው። ቴሌግራፍ የኤሌክትሪክ ፍሰትን እየቆረጠና እየቀጠለ በምልክት መልእክት ያስተላልፋል። ባለ ገንዘቦቹ የፈለጉት በአንድ ሽቦ ብዙ መልእክቶችን በአንድ ጊዜ የሚልክ መሣሪያ ነበር። ቤል ቀን ያስተምራል፤ ሌሊት ይሞክራል። ልቡ ግን ከምልክቱ ይልቅ ወደ ሰው ድምፅ ያደላ ነበር።

በ1874 ክረምት፣ አንድ የጆሮ ሐኪም ከሞተ ሰው የተወሰደ ጆሮ ሰጠው። ቤል በጆሮው ውስጥ ካሉት ትናንሽ አጥንቶች ጋር የደረቅ ሣር ሰበዝ አያያዘ። በጆሮው ውስጥ ሲናገር ታምቡሩ ይነዝራል፤ ታምቡሩ አጥንቶቹን፣ አጥንቶቹም ሰበዙን ያንቀሳቅሳሉ። ሰበዙ በጥላሸት በተቀባ መስታወት ላይ የንግግሩን ሞገድ ይጽፋል። ዓላማው መስማት የተሳናቸው ተማሪዎቹ ድምፃቸውን በዓይናቸው እንዲያዩ ነበር። ከሥዕሉ ይልቅ ግን አንድ ነገር አስደነቀው። ያ ከወረቀት የሳሳ ታምቡር፣ ከእርሱ ይልቅ እጅግ የከበዱ አጥንቶችን ማንቀሳቀስ ችሏል። እንዲህ ከሆነ፣ ሰፋ ያለ ስስ ሽፋን በማግኔት ፊት የቆመች ብረት ለምን አያንቀሳቅስም?

እዚህ ላይ ሐሳቡ ተሟላ። ብረት በማግኔት ፊት ሲንቀሳቀስ፣ በማግኔቱ ላይ በተጠመጠመው ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነሣል። ብረቱ እንደ ድምፁ ሞገድ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ፍሰቱም እንደዚያው ከፍ ዝቅ ይላል። በሽቦው ሌላ ጫፍ ያለው ማግኔት በዚያ ፍሰት እየጠነከረና እየላላ ሌላ ሽፋን ይስባል፤ ይለቅቃል። ያኛው ሽፋን አየሩን ያነዝራል፤ አየሩም እንደገና ድምፅ ይሆናል። ድምፁ በሽቦው ውስጥ አይጓዝም። ኃይሉ ከእንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከኤሌክትሪክ ተመልሶ ወደ እንቅስቃሴ መልኩን ይለውጣል፤ የሞገዱ ቅርጽ ግን ከመልክ ወደ መልክ ሳይፈርስ ይሻገራል። ንግግሩን ንግግር የሚያደርገውም ያ ቅርጽ ነው።

ቤል ኤሌክትሪክን የሚያውቀው በጥቂቱ ነበር። ጎደሎውን የሞላለት ቶማስ ዋትሰን የተባለ ወጣት የመሣሪያ ሠራተኛ ነው። ጁን 2 ቀን 1875 ሁለቱ በተለያየ ክፍል ሆነው የቴሌግራፍ መሣሪያ ሲሞክሩ፣ ከዋትሰን ዘንድ ያለች አንዲት የብረት ምላስ ተጣበቀች። ዋትሰን እንደ ክራር ክር በጣቱ ነቀነቃት። በሌላው ክፍል ጆሮውን ደቅኖ የነበረው ቤል የብረቷን ቃና ሰማ። የሰማው የተቆራረጠ የቴሌግራፍ ምት አልነበረም፤ እንደ ንዝረቱ የሚዋልል ሙሉ ቃና ነበር። ሐሳቡ እውነት መሆኑን በዚያች ቅጽበት አወቀ።

የንግግር ኃይል ግን እጅግ ጥቂት ነው። በመደበኛ ጭውውት ወቅት ወደ አድማጭ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል በአንድ ካሬ ሜትር የአንድ ዋት አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ይህችን ቅንጣት ኃይል በረጅም ሽቦ ብቻዋን መስደድ አድካሚ ነው። ስለዚህ ቤል ሌላ ዘዴ ሞከረ። አሲድ በጠብታ በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ከስስ ሽፋን ጋር የተያያዘ ሽቦ ነከረ። ሽፋኑ በድምፅ ሲነዝር ሽቦው ወደ ውኃው ጠለቅ፣ ከውኃው ወጣ ይላል፤ በዚህም ከባትሪ የሚመጣው ፍሰት ይበዛል፤ ያንሳል። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ውኃውን በክንዱ አይገፋም፤ ቦዩን በዶማ ከፈት ዘጋ ያደርጋል እንጂ። የሚፈስሰው ውኃው በራሱ ኃይል ነው። እዚህም እንዲሁ ሽቦውን የሚሞላው የባትሪው ኃይል ሲሆን፣ ድምፁ በር ጠባቂ ሆነ።

ማርች 10 ቀን 1876 ቤል በዚህ መሣሪያ ረዳቱን ወደ እርሱ እንዲመጣ ጠራው። በሌላ ክፍል የነበረው ዋትሰን ቃሉን በሽቦው ሰምቶ መጣ። በታሪክ የሚታወቀው የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ይህ ነው።

ከሦስት ቀን በፊት፣ ማርች 7፣ የአሜሪካ መንግሥት የቁጥር 174,465 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለቤል ሰጥቶታል። ክርክሩ የተነሣውም በዚሁ ላይ ነው። የቤል ጠበቃ ማመልከቻውን ባስገባበት ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 14፣ ኤሊሻ ግሬይ የተባለ ሌላ የፈጠራ ሰው በፈሳሽ የሚሠራ ተመሳሳይ ሐሳብ ለዚያው መሥሪያ ቤት አስመዝግቦ ነበር። ማን ቀደመ፣ ማን ከማን ወሰደ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። ከእነርሱ በፊት ጀርመናዊው ፊሊፕ ራይስ ቃና የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠርቷል። ጣሊያናዊው ስደተኛ አንቶኒዮ ሜውቺም በኒውዮርክ በድሎት ሳይሆን በችግር ውስጥ ሆኖ ድምፅን በሽቦ ለማስተላለፍ ደክሟል። ቤልና ኩባንያው በመቶዎች በሚቆጠሩ ክሶች ተሟግተው፣ በ1888 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቤልን መብት አጸናለት።

በ1876 ክረምት ስልኩ በፊላደልፊያ ዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ ታየ። ከጎብኚዎቹ አንዱ የነበሩት የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፔድሮ መሣሪያውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ተደነቁ። በኦገስት ወር ደግሞ ቤል የወላጆቹ ቤት ካለበት ከብራንትፎርድ እስከ ፓሪስ የምትባል የኦንታሪዮ ከተማ፣ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ የቴሌግራፍ ሽቦ ድምፅ ተሻገረ። እረኛ ከማዶ ማዶ ሊጣራ ከሚችለው ርቀት እጅግ የራቀ መንገድ ነው።

በጁላይ 1877 ቤል ሜብልን አገባ። በሠርጉ ሰሞን ከኩባንያው ድርሻዎቹ አሥር ብቻ ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን ሁሉ ለእርሷ ሰጠ። የዓለም ሰው በስልክ ድምፅ መሰማማት ሲጀምር፣ የስልኩ ባለቤት የሆነችው ሴት ግን አንዲት ቃል በስልክ ሰምታ አታውቅም።

ፈጠራው ባሕርና ተራራ ተሻግሮ ኢትዮጵያም ደረሰ። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን የስልክ መስመር ዝርጋታ ያስጀመሩት በ1894 ነው፤ ቤል ረዳቱን ከጠራ አሥራ ስምንት ዓመት በኋላ። አማርኛው ስልክ የሚለውን ቃል ያገኘው ሽቦ ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው። ሕዝቡ መሣሪያውን የጠራው ኃይሉ በሚሻገርበት መንገድ ስም ነው።

ቤል በስልክ ብቻ አልረካም። በ1880 ከፈረንሳይ መንግሥት የተሰጠውን የ50,000 ፍራንክ ሽልማት ለቤተ ሙከራ አዋለው። በዚያው ዓመት ከረዳቱ ቻርልስ ሰምነር ቴይንተር ጋር፣ ድምፅን በሽቦ ሳይሆን በብርሃን ጨረር ላይ የሚጭን መሣሪያ ሠራ። ስስ መስታወት በድምፅ ሲነዝር የሚያንጸባርቀው የፀሐይ ብርሃን ይደምቃል፤ ይፈዝዛል። በማዶ ያለው ሰሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ብርሃኑ በተለዋወጠ ቁጥር የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ይለዋውጣል። ድምፅ ከ200 ሜትር በላይ በብርሃን ተሻገረ። ቤል ከፈጠራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚኮራው በዚህኛው ነበር። በዘመኑ ብዙም ጥቅም ላይ ባይውልም፣ ዛሬ የሰው ድምፅ በብርሃን መልክ በመስታወት ክር ውስጥ ዓለምን ይዞራል።

የዚህ ሰው ታሪክ እዚህ ላይ ቢቆም ክብር ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቤልን የሚያስታውሱት በሌላ መንገድም ነው። ቤል ራሱን ከምንም በፊት የሚቆጥረው መስማት የተሳናቸው መምህር አድርጎ ነበር። ሔለን ኬለር የተባለችውን ማየትና መስማት የተሳናት ሕፃን ወደ ትምህርት የሚወስደውን መንገድ ለአባቷ ያመላከተ እርሱ ነው። እርሷም በ1903 ያሳተመችውን የሕይወት ታሪኳን ለእርሱ መታሰቢያ አድርጋለች። ሆኖም ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ ሳይሆን በአፍ ንግግር ብቻ መማር አለባቸው ብሎ አጥብቆ ይሟገት ነበር። የእርሱ ዝና ለዚህ አመለካከት ክብደት ጨመረለት። በብዙ ትምህርት ቤቶች የምልክት ቋንቋ ተከለከለ፤ ቋንቋው የእጃቸው የሆነ ልጆች እጃቸውን እንዲያሳርፉ ተገደዱ።

በ1883 ደግሞ ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ እየተጋቡ ከቀጠሉ ራሱን የቻለ የሰው ዘር ዓይነት ሊፈጠር ይችላል የሚል ስጋት ገለጸ። እንዲህ ያለውን ጋብቻ በሕግ ከመከልከል ይልቅ፣ የሚገናኙባቸውን ትምህርት ቤቶችና የምልክት ቋንቋውን ማራቅ ይሻላል አለ። ለጥናቱ መረጃ ከሰበሰበባቸው ስፍራዎች አንዱ ማርታስ ቪንያርድ የተባለው የማሳቹሴትስ ደሴት ነው። በዚያ ደሴት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከመብዛታቸው የተነሣ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም ጎረቤት በእጅ ምልክት ይነጋገር ነበር። በገበያም፣ በማሳም፣ በጀልባም የሚያገለግል የጋራ ቋንቋ ነበራቸው። ቤል ከዚያ ይዞ የተመለሰው የትውልድ ሐረግ መዝገብ ነው። የንግግር ሞገድ ቅርጹ እስካልፈረሰ ድረስ መልኩን ቀይሮ በሽቦና በብርሃን መሻገር እንደሚችል ያሳየው ሰው፣ ቋንቋም ከድምፅ ወደ እጅ መልኩን ቀይሮ ሙሉ ሆኖ መኖር እንደሚችል ለመቀበል ተሳነው። በልጅነቱ ለእናቱ በጣቶቹ ያወራ የነበረው እርሱ ራሱ ነበር።

ከ1880ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤል በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ በባዴክ አጠገብ ያለውን ቤይን ቭሬ የተባለ የገጠር ይዞታ ማረፊያው አደረገ። እዚያ በግ አረባ። እናት በግ እንደ ወትሮው ሁለት የጡት ጫፍ አላት። ቤል ከሁለት በላይ ያላቸው በጎች ብዙ ወተት ይሰጣሉ፤ መንታ የመውለድ ዕድላቸውም ይጨምራል ብሎ ገመተ። ሠላሳ ዓመት ያህል የእያንዳንዱን ግልገል ትውልድና ክብደት በመዝገብ እያሰፈረ፣ ምርጥ አውራ በጎችን እየለየ አዳቀለ። የጡት ጫፎቹ ቁጥር በትውልድ እየተላለፈ ጨመረ። የመንታው ጉዳይ ግን እንደ ጡት ጫፉ በቀላሉ አልታዘዘለትም። ለበግ አርቢ እንዲህ ያለው ትዕግሥትና መዝገብ ጥሩ ትምህርት ነው። ዘርን የመምረጥ ሐሳብ ወደ ሰው ሲሻገር ግን አደገኛ ሆነ። ቤል የሰውን ዘር በምርጫ ስለ ማሻሻል በሚያወራው የዘመኑ እንቅስቃሴ ውስጥ ስሙን አስገባ፤ በ1921 በኒውዮርክ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤም የክብር ፕሬዚዳንት አድርጎ ሰየመው።

የኃይል ነገርም እስከ እርጅናው ከአእምሮው አልወጣም። በ1917 የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ተቆፍረው የሚያልቁ እንጂ የማይተኩ መሆናቸውን አስጠነቀቀ። ምትክ ይሆናል ብሎ ያመለከተው አልኮል ነው፤ ሊብላላ ከሚችል ከማንኛውም ተክል፣ ከበቆሎ አገዳ፣ ከሰብል ተረፈ ምርትና ከእንጨት ፍቅፋቂ የሚወጣ። በየዓመቱ በማሳ ላይ የሚበቅለው ተክል የፀሐይን ኃይል አከማችቶ የሚይዝ መሆኑን ተረድቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ብዙ አገሮች በዚያ መንገድ እየሄዱ ነው።

ቤል ኦገስት 2 ቀን 1922 በቤይን ቭሬ ቤቱ በስኳር ሕመም ሳቢያ ዐረፈ። ዕድሜው ሰባ አምስት ነበር። ከቀብሩ ጋር በተያያዘ በሰሜን አሜሪካ ያሉ ስልኮች ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ እንዲሉ ተደረገ። የድምፅን ጥንካሬ የሚለካው ዴሲቤል የተባለው መለኪያም በስሙ ተሰየመ።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች የመጨረሻዋን ሰዓት እንዲህ ይተርኳታል። ሜብል ከአልጋው ጎን ተቀምጣ እንዳይለያት ለመነችው። የመናገር አቅም አልነበረውም፤ ቢናገርም አትሰማውም። እንደማይለያት በጣቶቹ ምልክት ሰጣት። ሜብልም ተረዳችው። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 1923፣ እርሷም ተከተለችው፤ ሁለቱም በዚያው በቤይን ቭሬ ኮረብታ ላይ ዐርፈዋል።